ከዝናር ወደ ዞን፦ የአንድ ቃል ጉዞ በጋሞ ምድር



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ አንድ ቃል ነው። ቃሉ በሁለት ፊደል የሚጻፍ ነው፤ ዞን። በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምንጠራው ልብ አንለውም። «ጉዳዩ ዞን ነው ያለው» እንላለን። «ዛሬ ከዞን ሰዎች መጥተዋል» እንላለን። «ዞን ካላጸደቀው አይሆንም» ሲባልም ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ እንስማማለን። ቃሉ በአፋችን ላይ አንድ ጊዜ ቦታ፣ አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሚጠራ፣ የሚቆጣና የሚፈቅድ ሰው ይሆናል።

ለምን ይህን ቃል መረጥሁ? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በጋሞና በአካባቢው ሕዝቦች ታሪክ ውስጥ የዚህን ቃል ያህል ሰውን ያሰባሰበና ያለያየ፣ ያስደሰተና ያስለቀሰ የአስተዳደር ቃል አላገኘሁም። የዛሬው ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዞን ወደ አማርኛ ሲገባ ባዶ ቃል ነበር፤ ባዶነቱም ገለልተኛ አስመሰለው። ነገር ግን ባዶ ዕቃ ሳይሞላ አይቀርም። ሕዝቡ በቃሉ ውስጥ ማንነቱን፣ ክብሩን፣ ቋንቋውንና የልማት ተስፋውን አኖረበት። ከዚያ በኋላ ስለ ዞን መነጋገር ስለ ራስ መነጋገር ሆነ። የታሪክ ተማሪም ይህን ካላስተዋለ የትናንቱን በዛሬው መነጽር እያየ ይሳሳታል።

ዓመታትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስጠቅስ እ.ኤ.አ. በማለት እለያለሁ።

ቀበቶ የነበረ ቃል

ዞን ወደ እኛ የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ከላቲን፣ ላቲኑም ከግሪክ ወስዶታል። በግሪክ «ዞኔ» ማለት የወገብ መታጠቂያ፣ ቀበቶ ማለት ነበር። ከዚሁ ሥር «ዞናሪዮን» የሚል፣ ትንሽ ቀበቶን የሚያመለክት ቃል ወጣ። ይህ ቃል ወደ ሶርያ ቋንቋና ወደ ዐረብኛ ገብቶ «ዙናር» ተባለ፤ ወደ እኛ ሲደርስም «ዝናር» ሆነ። እንግዲህ ጥይት ተሰክቶበት የአርበኛን ወገብ የሚያስጌጠው ዝናርና በማኅተም ላይ የምናነበው ዞን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንደኛው ከዘመናት በፊት በምሥራቅ በኩል መጥቶ ቤተኛ ሆኗል። ሁለተኛው ብዙ ቆይቶ በእንግሊዝኛ በኩል፣ በቢሮ መዝገብና በካርታ ታጅቦ ደርሷል። ሁለቱ ቃላት በአንድ አገር እየኖሩ ዝምድናቸውን ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ቀበቶ ሁለት ነገር ያደርጋል። የተበተነውን ልብስ ይሰበስባል፤ አካልንም ከላይና ከታች ብሎ ይከፍላል። መሰብሰብና መክፈል በአንድ ዕቃ ውስጥ አሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የግሪክ ሊቃውንት ቃሉን ከወገብ አንሥተው ለምድር አስታጠቁት። ምድርን በአምስት መቀነቶች ከፈሏት፦ ሁለቱ በዋልታዎቹ በኩል ያሉ ብርዳማ፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ አንዱ በምድር ወገብ ዙሪያ ያለ እጅግ ሞቃት። አሪስቶትልም በሞቃቱ መቀነት ውስጥ ከሙቀቱ የተነሣ ሰው ሊኖር አይችልም ብሎ ጻፈ። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በስድስት ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በአሪስቶትል አከፋፈል እኛ እዚህ መኖር አልነበረብንም ማለት ነው።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ የአንድ ሰው ዐፅም ተገኘ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ያህል እንደሆነ ታወቀ። ከእርሱም የተገኘው ሙሉ የዘር መረጃ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ ከአፍሪካ ጥንታዊ ዐፅም የተነበበ የመጀመሪያው ሆነ። ዐፅሙ በጋሞኛ ባይራ፣ ማለትም በኩር፣ ተብሎ ተሰየመ። አሪስቶትል «ሰው አይኖርበትም» ብሎ ከመጻፉ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ባይራ እዚህ ይኖር ነበር። ሊቁን ለመዝለፍ አይደለም ይህን የምናገረው። ከሩቅ ሆኖ መቀነት የሚያስር ሰው ስለታሰረው አካል ብዙም ላያውቅ እንደሚችል ከወዲሁ እንድንገነዘብ ነው።

ደጋና ቆላ፣ ቀጠናና ዞን

አማርኛ መሬትን በመቀነት የሚከፍልበት የራሱ ቃል አጥቶ አያውቅም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እንላለን። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከሙዝና ከማንጎ ተነሥቶ ወደ እንሰትና ወደ ገብስ ይደርሳል። ይህ አከፋፈል በሰውነት የሚታወቅ ነው፤ ጋቢ መደረብ ሲያስፈልግ ደጋ መድረሳችንን እናውቃለን።

ለዞን ራሱም ቢሆን አማርኛ «ቀጠና» የሚል አቻ ቃል አለው። ነጻ የንግድ ቀጠና፣ የጦርነት ቀጠና፣ የምሥራቅ አፍሪካ ቀጠና እንላለን። በከተሞቻችንም የቀበሌው ውስጣዊ ክፍል ቀጠና ይባላል። ታዲያ አቻው እያለ ለምን ዞን ተፈለገ? ሁለቱ ቃላት ሥራ ተከፋፍለው እንደሚኖሩ አጠቃቀማቸው ይነግረናል። ቀጠና የሚገልጸው በተግባር የተለየን አካባቢ ነው፤ ንግድ ይሁን ውጊያ ይሁን የመንደር ጥበቃ። ዞን ግን በአብዛኛው የሥልጣን እርከን ነው፤ ከወረዳ በላይ፣ ከክልል በታች። «የቀጠና እንሁን ጥያቄ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። «የዞን እንሁን ጥያቄ» ግን በየዕለቱ የምንሰማው ሐረግ ነው።

በሌሎች ቦታዎች ቃሉ ሌላ መልክ ይዟል። አዲስ አበባ ዛሬ ክፍለ ከተማ በምትላቸው ፈንታ በዞን የተከፈለችበት ጊዜ ነበር። በዱከም አካባቢ ፋብሪካዎች የሰፈሩበት ግቢ ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ይባላል። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ታራሚዎች የሚኖሩባቸው ክፍሎች ዞን በመባል ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተሰባሰቡ ወጣት ጸሐፍት ራሳቸውን «ዞን ዘጠኝ» ብለው ሲጠሩ ከእስር ቤቱ ስምንት ዞኖች ውጭ ያለው አገር ዘጠነኛው ነው ማለታቸው ነበር። ቃሉ እንዲህ ከቢሮ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ እስር ቤት ተዘዋውሯል። በሁሉም ውስጥ ግን የቀበቶው ባሕርይ አልጠፋም፤ አንድ ወገን ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ይቀራል።

ከግዛት እስከ አካባቢ

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የአስተዳደር ቃላት በየዘመኑ ሲለዋወጡ ገዢው ተገዢውን እንዴት ያይ እንደነበር ይመሰክራሉ።

የጋሞ ደጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ሠራዊት ሥር ከመዋሉ በፊት በአንድ ንጉሥ የሚገዛ አንድ ግዛት አልነበረም። በተለምዶ 40 ገደማ ተብለው የሚቆጠሩ ደሬዎች ነበሩት። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ የመሳሰሉት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወሰን፣ የራሳቸው ሹማምንትና የራሳቸው ሸንጎ ነበራቸው። ደሬ ማለት አገርም ሕዝብም ነው፤ መሬቱንና በላዩ የሚኖረውን ሰው ነጥሎ አያይም። ካዎ የሚባል ባለ ዘር ማዕረግ ነበር፤ ሃላቃ የሚባል የሹመት ማዕረግም ነበር። ጉዳይ ግን የሚመከርበት በዱቡሻ፣ በአደባባይ ሸንጎ ላይ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማርክ አቤሌስ የኦቾሎን ሸንጎዎች ያጠናው፣ እንግሊዛዊቷ ዴና ፍሪማንም በዶኮ ማኅበረሰብ ላይ ያተኮረችው፣ ሥልጣን እዚህ እንዴት በምክክር እንደሚሠራ ለማየት ነበር። ደሬዎቹ ይዋጉም ይታረቁም ነበር። ቋንቋና ባህል ቢያቀራርባቸውም በአንድ ቀበቶ የታሰሩ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ቃላት እንያቸው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ አዋቀረ። ጋሞ ጎፋ ከጠቅላይ ግዛቶቹ አንዱ ሆነ፤ መቀመጫውም ጨንቻ ነበረ። በ1950ዎቹ አርባ ምንጭ ስትቆረቆር መቀመጫው ወደዚህ ወረደ። በጠቅላይ ግዛቱ ውስጥ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ጋርዱላ፣ ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃዎች ነበሩ። ወላይታ በሲዳሞ፣ ዳውሮና ኮንታም በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። «ግዛት» የሚለው ቃል ራሱ ይናገራል፤ ሥሩ «ገዛ» ነው፣ የሚገዛው ማን እንደሆነም አይደብቅም።

አብዮቱ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛት የሚለው ተሽሮ «ክፍለ ሀገር» ተባለ። አሁን የሚጎላው ገዢው መሆኑ ቀርቶ አገሪቱ ሆነች፤ እኛ የእርሷ ክፍል ነን። በ1980 ዓ.ም. የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ አደረጃጀት ሲታወጅ ደግሞ «ራስ ገዝ» እና «የአስተዳደር አካባቢ» የሚሉ ስሞች መጡ። የጋሞ ጎፋ ስም ከካርታው ወጥቶ ሰሜን ኦሞና ደቡብ ኦሞ ተተኩ። የሕዝብ ስም ወጥቶ የወንዝ ስም ገባ።

በመካከሉ ያለፉት ጣልያኖችም የራሳቸውን የአስተዳደር ቃላት ይዘው መጥተው ነበር። «ኮሚሳሪያቶ» እና «ሬዚደንዛ» ይሉ ነበር። ማኪና፣ ጎማና ፉርኖ በአማርኛ ሲቀሩ፣ የገዙባቸው ቃላት ግን አብረዋቸው ሄዱ። ሕዝብ የባዕድ ቃል የሚቀበለው በራሱ ሕይወት ውስጥ ቦታ ሲያገኝለት ነው። ታዲያ ዞን ምን ዓይነት ቦታ አገኘ?

ባዶው ቃል ሲሞላ

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ የሚለው ሰንሰለት ተዘረጋ። ከአራቱ ሦስቱ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚያቀብሉት ነገር አላቸው። ክልል ከለለን ያስታውሳል፤ ማጠርን፣ መጠበቅን። ወረዳ ወረደን ያስታውሳል። ቀበሌም ከጥንት ጀምሮ በመንደር ሕይወት የሚታወቅ ቃል ነው። ዞን ብቻ ሥር የለውም። ማን እንደሚገዛ፣ የማን ክፍል እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠብቅ አይናገርም። ለቢሮ ሰው ይህ ምቹ ነው፤ ያለፈውን ሥርዓት ትዝታ ያልተሸከመ ንጹሕ ቃል።

በሕግም በኩል ዞን እንግዳ ነበር። የ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ሕገ መንግሥት ስለ መንግሥት አወቃቀር በሚደነግግበት በአንቀጽ 50 ክልሎች በክልልና አስፈላጊ ሆነው በሚያገኟቸው ሌሎች የአስተዳደር እርከኖች እንደሚዋቀሩ ይደነግጋል፤ እርከኑን ግን ዞን ብሎ አይጠራውም። ትርጉሙን እያንዳንዱ ክልል እንዲሰጠው ተተወ። ክልሎቹም የተለያየ ትርጉም ሰጡት። በኦሮሚያና በአብዛኛው የአማራ ክልል ዞን የክልሉ ክንድ ነው፤ ትእዛዝ ያደርሳል፣ ሪፖርት ይሰበስባል። በአማራ ክልል የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች ግን የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ደግሞ ይህ ልዩ ሁኔታ ደንብ ሆነ። ዞን የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት ያለው፣ የአንድ ወይም የጥቂት ብሔረሰቦች የራስ አስተዳደር ማሳያ ሆነ። በወረቀት ላይ ሰሜን ሸዋ ዞንም ዞን ነው፣ ጋሞ ዞንም ዞን ነው። እንዲያውም ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም አለ፤ የአቅጣጫ ስም ነውና ለሁለቱም ይበቃል። ጋሞ ዞን ሊኖር የሚችለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ የሰው ስም ነውና።

እዚህ ላይ ነው ባዶው ቃል መሞላት የጀመረው። በደቡብ ዞን መሆን ማለት በጀት፣ የቢሮ ሥራ፣ መንገድና ሆስፒታል የመጠየቂያ አቅም ማለት ሆነ፤ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩበትን ቋንቋ የመወሰን ሥልጣን ማለትም ሆነ። ከሁሉ በላይ «አላችሁ» የመባል ማረጋገጫ ሆነ። የአማርኛ ግሦቻችንን አስተውሉ፤ አንድ ልዩ ወረዳ ዞን ሲሆን «ወደ ዞን አደገ» እንላለን። ተለወጠ ወይም ተዋቀረ ብለን አናቆምም፤ አደገ እንላለን። ማደግ የልጅ ነው፣ የእህል ነው። ግሡ አንዴ ከተመረጠ በኋላ ዞን ያልሆነ ሁሉ ያላደገ፣ ወደኋላ የቀረ ሆኖ ይሰማዋል። ሰውም ላለማደግ አይስማማም።

የወጋጎዳ ትምህርት

የዚህን ክብደት ለማየት ከወጋጎዳ የተሻለ ምሳሌ የለንም። ሰሜን ኦሞ ዞን መቀመጫውን በአርባ ምንጭ አድርጎ ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋን፣ ዳውሮንና ሌሎችንም ሕዝቦች ያቀፈ ነበር። ቋንቋዎቻቸው የኦሜቶ ቤተሰብ ናቸው፤ በብዙ ነገር ይቀራረባሉ። ከዚህ መቀራረብ በመነሣት ለአራቱም የሚያገለግል አንድ የትምህርት ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተወሰነ። ስሙም ከአራቱ ሕዝቦች ስም መነሻ ፊደላት ተሠራ፤ ወ፣ ጋ፣ ጎ፣ ዳ። መጻሕፍት ታትመው ወደ ትምህርት ቤቶች ሲላኩ በወላይታ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። መምህራንና ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ታሰሩ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ነው። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዞኑ ራሱ ፈረሰ፤ ወላይታ ዞን፣ ዳውሮ ዞንና ጋሞ ጎፋ ዞን ተመሠረቱ፤ ባስኬቶና ኮንታም ልዩ ወረዳዎች ሆኑ።

የቋንቋ ባለሙያ ወጋጎዳን የቃላትና የሰዋስው ጉዳይ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም፤ በቴክኒክ በኩል የማይቻል ነገር አልነበረም። ታሪክ ግን የሚያሳየን ሌላ ነው። በ1934ቱ ድንጋጌ ሦስት የተለያዩ ጠቅላይ ግዛቶች ውስጥ የነበሩ ሕዝቦች በአንድ ቀበቶ ታስረው ነበር። ቀበቶው የአስተዳደር ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ይቆይ ነበር። ወደ ልጆች አፍ ሲደርስ ግን ተበጠሰ። እናት ልጇን የምታባብልበት ቋንቋ በስብሰባ ሊቀላቀል አይችልም። ሕዝቡ የተቃወመው ከጎረቤቱ ጋር መቀራረቡን አልነበረም፤ ሳይጠየቅ መቀላቀሉን ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የዚሁ ታሪክ ተከታይ ምዕራፍ ነው። በ2003 ዓ.ም. ኮንሶን፣ ደራሼን፣ ቡርጂን፣ አማሮንና አሌን ይዞ የተመሠረተው የሰገን አካባቢ ሕዝቦች ዞን እንደ ኦሞ ሁሉ በወንዝ ስም ተሰየመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፈረሰ። በ2011 ዓ.ም. ጋሞ ጎፋ ዞን ለሁለት ተከፍሎ ጋሞ ዞንና ጎፋ ዞን ሆነ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ በዚያው ዓመት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ልዩ ወረዳ የነበሩት ቡርጂ፣ ኮሬ፣ ጋርዱላ፣ አሌና ባስኬቶ በዞንነት ተዋቀሩ፤ የክልሉ ዞኖች ቁጥርም 12 ደረሰ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሰፊ ቀበቶ ወደ ብዙ ጠባብ ቀበቶዎች ተጓዝን ማለት ነው። በወንዝ የተሰየሙት ሲፈርሱ በሕዝብ የተሰየሙት ጸኑ፤ ከዚህ የተረፈው ጎልቶ የሚታይ ስም ደቡብ ኦሞ ነው።

ይህን ስል ለመክሰስም ለማወደስም አይደለም። ጠባቡ ቀበቶ ለብዙዎች ክብር ሰጥቷል፤ በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍና በቋንቋቸው የሚናገር ሬዲዮ አስገኝቶላቸዋል። ይሁን እንጂ ቀበቶ የቱንም ያህል ቢጠብ ከውስጡ የሚቀር ሌላ ሰው አይጠፋም። በጋሞ ዞን ውስጥ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ዘይሴዎች አሉ። አርባ ምንጭ ራሷ ከተመሠረተች ጀምሮ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ያቆማት ከተማ ናት፤ ስሟም የአማርኛ ነው። የዶርዜ ሸማኔም ለትውልዶች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ሲሠራ ኖሯል። እርሱስ የየትኛው ዞን ነው?

በእርጥብ ሣር የተሠመረ ወሰን

ይህ ጥያቄ ባለፉት ዓመታት አንድ ቀን በመራራ መልክ መጣ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመው ግድያ ከተጎዱት ብዙዎቹ ከጋሞ ምድር ሄደው በዚያ የሚኖሩ ነበሩ። ዜናው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። በከተማው የሚኖሩ፣ በቡራዩ ለተፈጸመው ምንም ድርሻ የሌላቸው ሰዎች የበቀል ዒላማ ሊሆኑ ተቃረቡ። በዚያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር የያዘ ሽማግሌን ተራምዶ ማለፍ ነውር ነው፤ ጎሜም ነው፣ ማለትም በራስና በወገን ላይ መዘዝ የሚያመጣ ጥሰት። ወጣቱ ቆመ። ተመለሰም።

ይህን ክሥተት ብዙዎች የሰላም ምሳሌ አድርገው ጠቅሰውታል፤ ተገቢም ነው። እኔ በዛሬው ርእስ በኩል ላየው እፈልጋለሁ። አባቶቹ በዚያ መንገድ ላይ ወሰን አሠመሩ። ወሰኑ ግን የትኛውም ካርታ ላይ የለም። እንደ ዞን «ይህ የእኛ ነው፣ ያ የእናንተ ነው» አላለም። ያለው «ከዚህ በኋላ የሚያልፍ ከሰውነት ወጥቷል» ነው። ከቀበቶው ሁለት ጠባዮች መክፈልን ትቶ መሰብሰብን መረጠ። ሥልጣኑም ከማኅተም አልመነጨም። በዱቡሻ ላይ ሲዳኙ፣ ሲያስታርቁ ከኖሩበት ልማድ መነጨ። ለደሬው የነበረ ሥርዓት ለእንግዳውም ተዘረጋ።

ለታሪክ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ በመጨረሻ ለእናንተ ሥራ የሚሆን ነገር ልናገር። በታሪክ ትምህርት ክፍሎች ከሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ «የእገሌ ዞን ታሪክ ከ1880ዎቹ እስከ 1983» የሚል ዓይነት ርእስ ይይዛሉ። በ1880ዎቹ ግን ዞን አልነበረም። ርእሱ በዛሬው ወሰን ውስጥ ያለውን ሁሉ ከጥንት አንድ የነበረ ያስመስለዋል፤ ከወሰኑ ውጭ የቀረውንም ከጥንት ባዕድ ያደርገዋል። የዶኮ ሰው ከዶርዜ ጋር የተዋጋበት፣ የጋሞ ነጋዴ ከወላይታ ጋር የተገበያየበት፣ የሐይቁ ሰው ጀልባውን ይዞ በዓባያ ላይ የተሻገረበት ታሪክ በዞን ድንበር ላይ ተቆርጦ ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በየዘመኑ የነበረውን ስም በየዘመኑ ተጠቀሙ፤ ደሬ በነበረበት ደሬ፣ አውራጃ በነበረበት አውራጃ በሉ። ሁለተኛ፣ «ወደ ዞን አደገ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ግሡን መርምሩ፤ የመንግሥት መዝገብ ያቀበላችሁን ስሜት ሳታውቁት የራሳችሁ እንዳታደርጉት። ሦስተኛ፣ አዛውንቶችን ስትጠይቁ «ዞናችሁ ከማን ጋር ይዋሰናል?» አትበሉ። «ከማን ጋር ትጋቡ ነበር? ገበያችሁ የት ነበር? ስትጣሉ ማን ያስታርቃችሁ ነበር?» በሉ። መልሱ የሚሠራው ካርታ ከቢሮው ካርታ ጋር እንደማይገጥም ታያላችሁ። የታሪክ ሙያ የሚጀምረው ሁለቱ ካርታዎች ከማይገጥሙበት ቦታ ነው።

ዞን ከቋንቋችን አይወጣም፤ እንዲወጣም አልጠይቅም። ሠላሳ ዓመት አብሮን ኖሯል፤ ሰዎች ታግለውበታል፣ ሞተውበታል፣ ኮርተውበታል። እንደ ዝናር ሁሉ ቤተኛ ሆኗል። ነገር ግን ዝናርም ሆነ ዞን የሚታጠቁት ዕቃ ነው። የታጠቀው ሰው ይፈታዋል፣ ያጠብቀዋል፣ ያላላዋል። አካሉ ከቀበቶው ይቀድማል፤ ባይራም ከአሪስቶትል መቀነት ቀድሞ እዚህ ነበር።